ስለ አራዳ ገበያ ሰፊ ፎቶግራፍ

በአዲስ አበባ የነበረው የአራዳ ገበያ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል። አንደኛው መነሣት በፎቶግራፍ ነው፤ ሁለተኛው መነሣት ከቦታው ነው። የኢጣልያ ጦር በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ገበያውን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አስለቅቆ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወረው፤ የቀድሞውም ስፍራ ፒያሳ ተብሎ ቀረ። ፊተኛው መነሣት ባይቀድም ኖሮ ኋለኛው ምን እንዳነሣ በዐይኑ የሚያይ ሰው ዛሬ ባልተገኘ ነበር። ስለዚህ በዚያ ገበያ ላይ ለተነሡት ፎቶግራፎች ክብር ይገባቸዋል። ክብር ይገባቸዋል ማለት ግን አይመረመሩም ማለት አይደለም፤ ቅኔም የሚከበረው በጉባኤ ፊት ተዘርፎ ከተነቀፈና ከተመሰገነ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ፎቶግራፎች አንዱ ወደ ጎን እጅግ የረዘመ ነው፤ ወርዱ ቁመቱን አራት ጊዜ ያህል ይበልጣል። ቅጂው በትልቅ ወረቀት እየታተመ በአዲስ አበባ በየሆቴሉና በየቢሮው ከተሰቀለ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ወደ ደጋው ወጥቶ በደብረ ታቦር ከተማ በአንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ከበሩ እስከ መስኮቱ ተዘርግቶ ይታያል። ከፋርጣና ከጋይንት ለጉዳይ የመጣ ሰው፣ ካህኑም ተማሪውም፣ ሻዩ እስኪቀርብለት ድረስ በፊቱ ቆሞ ይመለከተዋል፤ ተመልክቶም «ይህን ያህል ሕዝብ!» ይላል እንጂ ሌላ ነገር ሲናገር ብዙ አይሰማም። ይህ ቃል ለሥዕሉ ምስጋና ይመስላል፤ ሲመረመር ግን የሥዕሉን ጉድለት የገለጠ እርሱ ነው።

ሥዕሉ የተነሣው ከከፍታ ላይ ነው። በስተ ቀኝ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስምንት ማዕዘን ሕንጻ ከዛፎቹ በላይ ቆሞ ይታያል፤ በስተ ኋላ የእንጦጦ ተራራ እንደ ደመና ደብዝዞ ተጋድሟል፤ ከተራራውም በታች ባሕር ዛፉ ጠቁሯል። በመካከል ያለው ሜዳ በሙሉ ሰው ነው። ነጭ ሸማ ከነጭ ሸማ ጋር ተያይዞ ሜዳው የተነደፈ ጥጥ የተሰጣበት ይመስላል፤ በመካከሉም አልፎ አልፎ ጥላና የአህያ ጀርባ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ጣል ጣል ብሏል። በግራ በኩል ዝቅ ያሉ ዳሶችና የሣር ጎጆዎች ተደርድረዋል፤ ጥቂት የቆርቆሮ ክዳኖችም በፀሐይ ያበራሉ። መንገዱ ከግራው ማዕዘን ገብቶ እንደ ቀስት ጎብጦ ወደ ቀኝ ይወጣል።

ከሻይ ቤቱ ቅጂ በታች «የአራዳ ገበያ በዐድዋ ድል ዘመን» የሚል ጽሑፍ ታትሟል። ይህ ሊሆን አይችልም። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በሥዕሉ ላይ ክዳኑ አልቆ የሚታየው ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ግን ሥራው የተፈጸመው በ1903 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያውን ወሰን ያለው ነገር ከሰጠ የመጨረሻውን ወሰን የሚሰጠው የሌለው ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ፊት የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት አይታይም፤ ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት ወር 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። ተከራካሪ ቢኖር ኢጣልያኖች ያን ሐውልት ከስፍራው አንሥተውት ነበርና የሐውልቱ አለመታየት የወረራውን ዘመን ሊያመለክት ይችላል ይል ይሆናል። መልካም ክርክር ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ገበያውም እንደ ሐውልቱ ከሜዳው ተፈናቅሏል፤ በሥዕሉም ውስጥ የኢጣልያ ወታደር ወይም የጭነት መኪና የሚባል የለም። እንግዲህ ሥዕሉ ከ1903 እስከ 1923 ዓ.ም. ባለው በ20 ዓመት ውስጥ ተነሥቷል። ከዐድዋ ድል ቢያንስ 15 ዓመት ይርቃል።

አንድ ሰው ለአንድ መስመር ጽሑፍ ይህን ያህል ማለት ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። መልሱ በገበያው ውስጥ አለ። በአራዳ ይገበያዩበት የነበረው ማርትሬዛ ብር ራሱ ሐሰተኛ ዓመት የተጻፈበት ነበር፤ በየዘመኑ እየተመታ በላዩ የሚጻፈው ሁልጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚል ነው። ገበያተኛው ግን ጽሑፉን አያነብም፤ ሥዕሉን ይመረምራል። በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያለውን ዕንቁ፣ በትከሻዋም ላይ ያለውን ጌጥ ነጥብ በነጥብ ቆጥሮ፣ የተፋቀ ወይም የጠፋ ነጥብ ካገኘ ብሩን ይመልሰዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር ባስመቱ ጊዜ እንኳ ሕዝቡ የለመደውን ምስል ትቶ ወደ አዲሱ ቶሎ አልተሻገረም። ስለዚህ በፎቶግራፉ ላይ እንደ ጥጥ ተነድፎ የሚታየው ሕዝብ እያንዳንዱ የሥዕል መርማሪ ነበረ። በሻይ ቤቱ ቆሞ የሚያየው ሰው በዚህ ሙያ ከአያቶቹ እኩሌታ ያህል ቢጠነቀቅ ያን ጽሑፍ ባልተቀበለ ነበር፤ አሁን ግን የሕዝቡን ብዛት አይቶ «የዐድዋ ዘመን ሰው» ብሎ ይሄዳል፤ ልጁም ከእርሱ ሰምቶ ይህንኑ ይይዛል።

ወደ ሥዕሉ አሠራር እንመለስ። ሰፊ ፎቶግራፍ በሁለት መንገድ ይሠራል። ወይ ካሜራው በአንድ ስፍራ ቆሞ ጥቂት በጥቂት እየዞረ ብዙ ጊዜ ያነሣና ወረቀቶቹ ዳርና ዳራቸው ይጋጠማል፤ ወይ ደግሞ መነጽሩ በመዘውር ቀስ ብሎ እየዞረ በረዥም ፊልም ላይ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዙር ይሥላል። በሁለተኛው ዐይነት ቀጥ ያለው መንገድ ይጎብጣል፤ መነጽሩ በክብ ዞሮ ያየውን ወረቀቱ በቀጥታ ዘርግቶ ያሳያልና። የአራዳው መንገድ እንደ ቀስት የጎበጠው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የከተማይቱ መሐንዲስ አላጎበጠውም። በዚሁ ምክንያት የሥዕሉ ግራና ቀኝ የአንድ ቅጽበት አይደሉም። መነጽሩ ቀኙን ሲሥል በግራ በኩል የነበረው ሻጭ ሸጦ ተነሥቶ ይሆናል። ዛሬ በእጅ ስልኩ ሰፊ ሥዕል የሚያነሣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ እጁን በሚያዞርበት ጊዜ ባልንጀራው በስተ ኋላው ሮጦ ወደ ሌላው ዳር ቢደርስ በአንድ ሥዕል ሁለት ጊዜ ይገኛል። በአራዳው ሥዕልም ከመካከሉ ጥቂት ወደ ግራ ሁለት ራስ ያለው አህያ አለ። ያ አህያ ሥዕሉ በሚያልፍበት ጊዜ ራሱን ስላወዛወዘ እንዲህ ሆነ፤ ከሥዕሉም ሁሉ የፎቶግራፍን ነገር በግልጥ የሚመሰክር እርሱ ብቻ ነው።

ይህን ማለት ፎቶግራፉ ዋሸ ለማለት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም አንዱ ሰማዕት በአንድ ሰሌዳ ላይ በንጉሥ ፊት ሲቆምም፣ ሲገረፍም፣ ሲሠዋም ሦስት ጊዜ ይሣላል፤ ማንም ሦስት ሰማዕታት ናቸው ብሎ አይስትም። ልዩነቱ ሠዓሊው ያደረገውን በግልጥ ያደርጋል፤ ሰፊው ፎቶግራፍ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ አስመስሎ ያቀርባል። ተመልካቹ በሥዕሉ ፊት ቆሞ ገበያውን በአንድ እይታ እንደ ጨበጠ ይመስለዋል፤ በዚያ ቀን በዚያ ስፍራ ቆሞ የነበረ ሰው ግን ገበያውን እንዲህ አላየውም፤ አንገቱን እያዞረ፣ አንዱን ሲያይ ሌላውን እያጣ አየው እንጂ።

በቅኔ ቤት ተማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ከዚያ በየደረጃው አልፎ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ነገር ግን መወድስ በመርዘሙ አይከብርም። ምሥጢር ሳይቋጥር ወደ መወድስ የቸኮለ ተማሪ ቤቱን በትርፍ ቃል ይሞላዋል፤ መምህሩም «ይህ ቃል ምን ሊሠራ ገባ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ተማሪው መልስ ካጣ ቅኔው ወደቀ። ይህን የአራዳ ሥዕል በዚህ ጥያቄ መመርመር ይገባል። የላይኛው ሲሶ ሰማይ ነው፤ ሰማዩ ምን ሊሠራ ገባ? ዝናብ አልያዘም፤ ሰዓት አይናገርም። በቀኙ ጫፍ ካለው ባዶ ዳገት ላይ አንድም ሰው አይሄድም፤ እርሱስ ምን ሊሠራ ገባ? ካሜራው ስለሚዞር ዞረበት፤ ሌላ ምክንያት አይገኝለትም። ሰሙ ሰፊ ነው፤ ወርቁ ግን ተፈልጎ የሚገኝ ነው። አንድ ጠባብ ፎቶግራፍ፣ ለምሳሌ ሁለት ሰዎች በአንድ ቁና እህል ላይ ሲከራከሩ የሚያሳይ ቢሆን፣ በሁለት ቤት ብቻ የገበያን ምሥጢር በፈታ ነበር።

ብዙ ሕዝብ በአንድ ስፍራ መሣል ለዚህ አገር ሠዓሊ አዲስ ነገር አይደለም። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የመላእክት ፊት ረድፍ በረድፍ ተሥሏል። ፊቶቹ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሁለት ዐይን አለው፤ ዐይኖቹም አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያያሉ። ከበታች የቆመ ሰው ብዛታቸውን አይቶ ቢደነቅም እየተራመደ አንዱን ፊት ከሌላው ፊት ለመለየት ይሞክራል። ብዛት ያለ ፊት አልተሣለም። በጥንቱ ሥርዐት ደግሞ ጻድቅ ሰው በሙሉ ፊት ይሣላል፤ ክፉው ሰው በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላል። በአራዳው ፎቶግራፍ ግን የሚበዛው ሕዝብ ጀርባውን ሰጥቷል፤ ለጀርባ የጥንቱ ሥርዐት ስም እንኳ አላወጣለትም።

እዚህ ላይ ለፎቶግራፍ አንሺው ጠበቃ መቆም ያሻል። ሕዝቡ ጀርባውን የሰጠው ስለ ካሜራው ደንታ ስላልነበረው ነው፤ ለመገበያየት የመጣ ነውና ፊቱን ወደ ባለጋራው መልሷል። ተሰልፎ ፊቱን አስተካክሎ የተነሣ ገበያ ገበያ አይሆንም። ይህ እውነት ነው፤ ሥዕሉም በዚህ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን አንሺው በከፍታ ስለ ቆመ ሰው ለሰው ያሳየውንም ፊት አጣው። ገበያ ሻጭና ሸማች ፊት ለፊት ሆነው የሚሠሩት ነገር ነው። የአንዱ ፊት ሲኮሳተር የሌላው ይለሰልሳል፤ አንዱ ሊሄድ ይነሣል፤ ሌላው መልሶ ይጠራዋል፤ ከስምምነቱም በኋላ ሴትዮዋ ከቁናው በላይ አንድ እፍኝ ምርቃት ትጨምራለች። ከሰገነት ላይ ምርቃት አይታይም። ጨው ተራው ከሸማ ተራው፣ እህል ተራው ከቅቤ ተራው በምን እንደሚለይ እንኳ በዚህ ሥዕል ብዙ ደክሞ ካልፈለጉት አይገኝም።

ሌላም ነገር አለ። በአገሩ ሥርዐት የሚሥል ሠዓሊ ታላቁን ታላቅ፣ ታናሹን ታናሽ አድርጎ ይሥላል፤ መጠኑ የክብርና የጉዳይ መጠን ነው። በፎቶግራፍ የሚገዛው ቅርበት ብቻ ነው፤ የቀረበ ይተልቃል፣ የራቀ ያንሳል። ስለዚህ በዚህ ሥዕል ከሁሉ ትልቅ ሆኖ የሚታየው ካሜራው ከቆመበት በታች ያለ የአንድ ቤት ሣር ክዳን ነው። ከሜዳው ማዶ ደግሞ አንድ ዛፍ ከአውራ ጣት ባነሰ መጠን ይታያል። አራዳ የንግድ ስፍራ ብቻ አልነበረም፤ ነጋሪት እየተጎሰመ ዐዋጅ የሚነገርበት፣ የአራዳ ዘበኛ ሌባ ይዞ የሚያልፍበት፣ ሞት የተፈረደበትም ሰው በሕዝብ ፊት በዛፍ ላይ የሚሰቀልበት ነበር። ይህ ሠዓሊ የሣለው ቢሆን ዛፉ ከክዳኑ ይልቅ በተለቀ፣ ከበታቹም የቆመ ሰው አንገቱን ደፍቶ በታየ ነበር። ፎቶግራፉ ግን ዛፉን ከሌሎቹ ዛፎች ጋር አስተካክሎ አልፎታል፤ የሻይ ቤቱም ተመልካች አስተካክሎ ያልፈዋል፤ በዚያ ሜዳ ቅዳሜ ለገበያ ይመጣ የነበረው ሰው ግን እንዲያ አድርጎ አላለፈውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥዕሉ አይረባም የሚል ፍርድ ቢሰጥ ግፍ ይሆናል። ስለ ቦታው የሰጠው ምስክርነት ታላቅ ነው። ገበያው ከቤተ ክርስቲያኑ ምን ያህል ይርቅ እንደ ነበር፣ ዳሶቹ በየትኛው ወገን እንደ ቆሙ፣ ሣርና ቆርቆሮ ጎን ለጎን በአንድ መንደር እንዴት እንደ ኖሩ፣ ዛሬ በፒያሳ የሚሄድ ሰው ከእግሩ በታች ምን እንደ ነበረ ለማወቅ ከዚህ ዐይነቱ ሥዕል የሚሻል የለም። ጠባቡ ፎቶግራፍ ይህን ሊሰጥ አይችልም። ለመሬት ታሪክ ጸሐፊ መልካም መዝገብ ነው፤ የሰው ሥዕል ሆኖ ሲቀርብ ግን ዕዳው ይበዛል።

ደብረ ታቦር እንዲህ ያለ መዝገብ አላገኘችም። ራስ ጉግሳ የቈረቈሯት፣ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባት ከተማ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ በራሳቸው በንጉሡ ትእዛዝ ተቃጠለች፤ እርሳቸውም በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች መቅደላን አነሡ። ደብረ ታቦር በመንገዳቸው አልነበረችም፤ ብትኖርም የሚያነሡት ዐመድ ነበር። በሻይ ቤቱ ያለው ሰው በአራዳ ሥዕል ፊት ያን ያህል የሚቆመው ምናልባት ስለዚህ ነው፤ የራሱን ያጣ ሰው የጎረቤቱን መልክ ያያልና።

አሁን ግን ካሜራ በየሰው እጅ ነው። የከተማው ወጣቶች የደብረ ታቦርን ገበያ ሲያነሡ ብዙዎቹ ወደ ፎቅ ይወጣሉ፤ ሰው አልባ በራሪ ያለውም ከዚያ አልፎ ወደ ሰማይ ይልከዋል። የሚያመጡት ሥዕል የአራዳው ወንድም ነው፤ ብዙ ሕዝብ፣ ብዙ ቆርቆሮ፣ በስተ ኋላ የጉና ተራራ። ከጉና ወገን ገብስና ድንች ጭኖ የወረደው፣ ባና ለብሶ የቆመው ሰው፣ ከፎገራ ሜዳ ሩዝ ያመጣው ሰው፣ ጌሾና ኑግ የዘረጋችው ሴት በዚያ ሥዕል አንድ ቀለም ናቸው። ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት ቢያልፍ፣ ገበያውም በተራው ከቦታው ቢነሣ፣ ልጆቻቸው በዚያ ሥዕል ፊት ቆመው የሚሉት ያው የሻይ ቤቱ ቃል ነው። ወጣቶቹ ሰፊውን ማንሣታቸው አይከለከልም፤ ነገር ግን ከፎቁ ወርደው፣ ፈቃድ ጠይቀው፣ አንዲቱን ሻጭ ከነቁናዋና ከነደንበኛዋ ያንሡ። ጉባኤ ቃናውን ሳያውቁ መወድሱን አይድፈሩ።

ወደ አራዳው ሥዕል ተመልሶ የቀረው አንድ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ባሉት ሙሉ ቅጂዎች በግራው ጫፍ፣ ሥዕሉ ሊያልቅ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው፣ አንዲት ሴት ዕንቅብ በፊቷ አኑራ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ካሜራው ከቆመበት ግድግዳ በታች ስለሆነች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ቀርባለች። ራስዋን ቀና አድርጋ ወደ ላይ፣ ወደ መነጽሩ ታያለች፤ ፊቷ ሙሉ ነው፤ ሁለቱም ዐይኖቿ ይታያሉ። ግንባሯን ቋጥራለች፤ ከፀሐዩ ይሁን ከሰውየው አይለይም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የተነሣችበትን ያወቀች እርስዋ ብቻ ናት፤ የሥዕሉም ወርቅ እዚያ ተቋጥሯል።

በደብረ ታቦር ያለው ቅጂ ግን ከግድግዳው እንዲስማማ ሲባል ግራው ተቆርጧል። ዕንቅቡ ከእኩሌታው ተርፏል፤ ሴቲቱ የለችም። ቅጂውን ያሳተመው ሰው የግርጌውን ጽሑፍ አርሞ እንደገና ሊያሳትም ካሰበ የቀኙን ባዶ ዳገት ቆርጦ ለእርስዋ ቦታ ቢያገኝላት ሥዕሉ ምንም አይጎድልበትም።